ስለ ተጣጣፊ በጀትና ከዜሮ ስለሚነሣ በጀት

መግቢያ

በጀት ማለት አንድ ድርጅት ወይም አንድ መሥሪያ ቤት በሚመጣው ጊዜ ሊሠራ ያሰበውን ሥራ በገንዘብ አስልቶ የሚያቀርብበት ዕቅድ ነው። ግንብ ለመሥራት ያሰበ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንዲቈጥር በወንጌል የተነገረው ምሳሌ የበጀትን የመጀመሪያ ጥቅም ያመለክታል። ነገር ግን በጀት ከማቀድ ሌላ ሁለተኛ አገልግሎት አለው፤ ይኸውም ሥራው ከተፈጸመ በኋላ ኃላፊዎች የሚመዘኑበት ሚዛን መሆኑ ነው። ሚዛኑ የተዛባ እንደ ሆነ ደኅና የሠራው ሰው ይወቀሳል፤ ያባከነው ይመሰገናል። ስለዚህ የበጀት አሠራር የሒሳብ ሹሞች ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የፍርድም ጉዳይ ነው።

በሥራ አመራር ሒሳብ ትምህርት ውስጥ ተጣጣፊ በጀትና ከዜሮ የሚነሣ በጀት ብዙ ጊዜ ጐን ለጐን ስለሚቀርቡ፣ አንዱ የሌላው ተወዳዳሪ ይመስላል፤ «ከሁለቱ የትኛው ይሻላል?» ብሎ መጠየቅም የተለመደ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለቱ የተለያዩ ጥያቄዎችን የሚመልሱ መሆናቸውን፣ አንዱንም በሌላው ቦታ መጠቀም ወደ ስሕተት እንደሚመራ ለማስረዳት ነው። ተጣጣፊ በጀት የሚጠይቀው «በእውነት ለተሠራው ሥራ ምን ያህል ገንዘብ መውጣት ይገባ ነበር?» ብሎ ነው። ከዜሮ የሚነሣ በጀት ግን «ይህ ሥራ ከመጀመሪያውስ መሠራት ይገባዋልን?» ብሎ ይጠይቃል።

1. የማይለወጥ በጀት የሚያደርሰው ስሕተት

ነገሩ በምሳሌ ቢታይ ይቀላል። አንድ ዳቦ ቤት አለ እንበል፤ ከዚህ በታች የሚሰጡት ቍጥሮች ለስሌት እንዲመቹ የተመረጡ ናቸው እንጂ የገበያ ዋጋ የሚያመለክቱ አይደሉም። ዳቦ ቤቱ በወር 100,000 ዳቦ ለመጋገር አቅዷል። ለእያንዳንዱ ዳቦ የዱቄት 4 ብር፣ የእርሾ፣ የጨውና የዘይት 50 ሳንቲም፣ የኤሌክትሪክ 1 ብር፣ በዳቦ ቍጥር ለሚከፈላቸው ጋጋሪዎች 50 ሳንቲም፣ በድምሩ 6 ብር ይወጣል። ይህ ከሥራው መጠን ጋራ ከፍና ዝቅ ስለሚል ተለዋዋጭ ወጪ ይባላል። ከዚህ ሌላ፣ ዳቦው ቢበዛም ቢያንስም የማይለወጥ ወጪ አለ፤ እርሱም የቤት ኪራይ 60,000 ብር፣ የኃላፊውና የዘበኞች ደመወዝ 70,000 ብር፣ ዳቦ ወደ ሩቅ ሱቆች የሚያደርስ የመኪና ኪራይ 30,000 ብር፣ የምድጃ የእርጅና ተቀናሽ 20,000 ብር፣ በድምሩ 180,000 ብር ነው። ይህም ቋሚ ወጪ ይባላል። እንግዲህ የወሩ በጀት 600,000 ብር ተለዋዋጭና 180,000 ብር ቋሚ፣ በጠቅላላው 780,000 ብር ይሆናል።

በመጀመሪያው ወር የኤሌክትሪክ ኃይል እየተቋረጠ 80,000 ዳቦ ብቻ ተጋገረ፤ የወጣውም ገንዘብ 700,000 ብር ሆነ። ባለቤቱ ይህን ከ780,000 ብር ጋራ ሲያስተያይ 80,000 ብር የተረፈ መስሎት ኃላፊውን ያመሰግነዋል። በሁለተኛው ወር የበዓል ገበያ ስለ ደራ 120,000 ዳቦ ተጋገረ፤ 890,000 ብርም ወጣ። አሁን ደግሞ ከበጀቱ በላይ 110,000 ብር ስለ ወጣ ኃላፊው ይወቀሳል። ከዚህ ቀጥሎ እንደምናየው ምስጋናውም ወቀሳውም የተገለበጠ ነው። ስሕተቱ የመጣው ለ100,000 ዳቦ የተሠራ ልብስ ለ80,000ውም ለ120,000ውም ስለ ተለካ ነው።

2. ተጣጣፊ በጀት

ተጣጣፊ በጀት አንድ የተወሰነ ቍጥር ሳይሆን የስሌት ደንብ ነው። በምሳሌያችን ደንቡ «180,000 ብር፣ ሲደመር ለተጋገረው ለእያንዳንዱ ዳቦ 6 ብር» የሚል ነው። ሥራው ከተፈጸመ በኋላ እውነተኛው የሥራ መጠን በደንቡ ውስጥ ይገባል፤ የሚገኘውም ውጤት ለዚያ መጠን የተፈቀደ ወጪ ይባላል።

በመጀመሪያው ወር፤ 80,000 ዳቦ በ6 ብር 480,000 ብር፣ ቋሚው ሲጨመር 660,000 ብር ተፈቅዶ ነበር። የወጣው 700,000 ብር ነው። 40,000 ብር ያለ አግባብ ወጥቷል።

በሁለተኛው ወር፤ 120,000 ዳቦ በ6 ብር 720,000 ብር፣ ቋሚው ሲጨመር 900,000 ብር ተፈቅዶ ነበር። የወጣው 890,000 ብር ነው። 10,000 ብር ተቆጥቧል።

ስለዚህ የተመሰገነው ወር ብክነት የታየበት፣ የተወቀሰው ወር ደግሞ ቁጠባ የታየበት ነበር። የሥራው መጠን ማነሱ ራሱን የቻለ ጉዳት መሆኑ አይካድም፤ ነገር ግን እርሱ የኤሌክትሪክና የሽያጭ ጉዳይ ስለ ሆነ ከወጪ አያያዝ ተለይቶ መጠየቅ አለበት።

የተጣጣፊ በጀት ጥቅም በዚህ አያበቃም። በመጀመሪያው ወር ያለ አግባብ የወጣው 40,000 ብር ከየት እንደ መጣ መፈለግ ይቻላል። ለአንድ ዳቦ 100 ግራም ዱቄት፣ ለአንድ ኪሎ ዱቄት 40 ብር ታስቦ ነበር እንበል። ለ80,000 ዳቦ 8,000 ኪሎ፣ ማለት የ320,000 ብር ዱቄት ይበቃ ነበር። በመዝገቡ የተገኘው ግን 8,500 ኪሎ በ42 ብር ሒሳብ፣ ማለት 357,000 ብር ነው። ከ37,000 ብሩ ልዩነት ውስጥ በ8,500 ኪሎ ላይ በየኪሎው የተጨመረው 2 ብር 17,000 ብር ሲሆን፣ ይህ የዋጋ ልዩነት ነው። የቀረው 20,000 ብር በ40 ብር ሒሳብ 500 ኪሎ ዱቄት በትርፍ ስለ ተበላ የመጣ የመጠን ልዩነት ነው። ከ40,000 ብሩ የቀረው 3,000 ብር ከኤሌክትሪክ ነው እንበል። አሁን ጥያቄው ለትክክለኛው ሰው ይቀርባል፤ ስለ ዋጋው ዱቄት ገዢው፣ ስለ ትርፉ 500 ኪሎ የጋገራው ኃላፊ ይጠየቃሉ። ምናልባትም ሊጥ በምድጃው ውስጥ እንዳለ መብራት ጠፍቶ የተበላሸ ሊሆን ይችላል። ሒሳቡ ጥያቄው የት መቅረብ እንዳለበት ያሳያል እንጂ መልሱን አይሰጥም።

ይህ አሳብ አዲስ አይደለም። በአሜሪካ ጄምስ ማኪንሲ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1922 ዓ.ም. ስለ በጀት ቁጥጥር መጽሐፍ ካሳተመ በኋላ፣ ጆን ዊልያምስ በ1934 ዓ.ም. በተለይ ስለ ተጣጣፊ በጀት ጽፏል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ጊዜው የኢኮኖሚ ውድቀት ዘመን መሆኑን ስናስብ ነገሩ አያስደንቅም። የፋብሪካዎች ምርት በድንገት ሲያሽቆለቍል፣ ለሙሉ ምርት የተሠራ በጀት ሚዛን መሆኑ ይቀራልና።

ሆኖም ተጣጣፊ በጀት የራሱ ወሰን አለው። አንደኛ፣ ወጪ ሁሉ ተለዋዋጭ ወይም ቋሚ ተብሎ በጥራት አይከፈልም፤ የኤሌክትሪክ ሒሳብ እንኳ ከፊሉ ቋሚ፣ ከፊሉ ተለዋዋጭ ነው። ሁለተኛ፣ ደንቡ የሚሠራው በተወሰነ የሥራ ክልል ውስጥ ነው፤ ዳቦ ቤቱ 200,000 ዳቦ ልጋግር ቢል ሁለተኛ ምድጃ ያስፈልገዋልና ቋሚ የተባለው ወጪ በአንድ ጊዜ ይዘላል። ሦስተኛ፣ 6 ብር የተባለው ሒሳብ የተገኘው ካለፉት ዓመታት አማካይ ከሆነ፣ ያለፈው ብክነት በውስጡ ተሰውሮ እንደ ትክክለኛ ወጪ ይቈጠራል። አራተኛ፣ ቍጥር እንጂ ጥራት አይለካም፤ ጋጋሪው ዳቦውን በ10 ግራም ቢያሳንሰው በሒሳቡ ቆጣቢ መስሎ ይታያል።

ከሁሉ የሚበልጠው ጉድለት ግን አምስተኛው ነው። የመኪናውን ኪራይ እንመልከት። በበጀቱ 30,000 ብር ተጽፏል፤ በየወሩም 30,000 ብር ይከፈላል። ልዩነቱ ዜሮ ነው። ተጣጣፊ በጀት በዚህ መስመር ላይ ምንም ጥፋት አያይም። ነገር ግን መኪናው በወር የሚያደርሰው ዳቦ 10,000 ብቻ ቢሆንስ? ለአንድ ዳቦ የማድረሻው 3 ብር ይሆናል። ዳቦው በ8 ብር የሚሸጥ ከሆነ፣ 6 ብሩ ለተለዋዋጭ ወጪ ሲነሣ የሚቀረው 2 ብር ነው። እንግዲህ መኪናው በሚያደርሰው በእያንዳንዱ ዳቦ ላይ 1 ብር፣ በወር 10,000 ብር ይጠፋል። ልዩነቱ ዜሮ ሆኖ ሳለ ገንዘቡ በየወሩ ይፈስሳል ማለት ነው። ይህን የሚያጋልጠው ሌላ ዓይነት ጥያቄ ነው።

3. ከዜሮ የሚነሣ በጀት

በብዙ መሥሪያ ቤቶች በጀት የሚዘጋጀው ያለፈውን ዓመት ወስዶ ጥቂት በመቶ በመጨመር ነው። ክርክሩ ሁሉ በጭማሪው ላይ ሲሆን ዋናው ገንዘብ ሳይጠየቅ ያልፋል። ይህ ልማድ የሚያስከትለውን በሀገራችን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ተጀምሮ ሰኔ 30 ቀን ያበቃል፤ በሥራ ላይ ያልዋለውም ገንዘብ ወደ መንግሥት ግምጃ ቤት ይመለሳል። ያተረፈ መሥሪያ ቤት በሚመጣው ዓመት «አያስፈልገውም ነበር» ተብሎ ይቀነስበታል የሚል ሥጋት ስላለ፣ በግንቦትና በሰኔ ግዥው ይጣደፋል። ሰዎቹ ክፉዎች ስለ ሆኑ አይደለም፤ ያለፈው ወጪ ለሚመጣው መብት በሚሆንበት አሠራር ቁጠባ ራስን መቅጣት ስለሚሆን ነው።

ከዜሮ የሚነሣ በጀት ይህን ልማድ ለመስበር የታሰበ ነው። ያለፈው ዓመት ወጪ እንደ መብት አይቈጠርም፤ እያንዳንዱ ሥራ መኖሩን ራሱ ማስረዳት አለበት። አሠራሩ በሦስት ደረጃ ይከፈላል። መጀመሪያ የድርጅቱ ሥራ ለውሳኔ በሚመች መጠን ተከፋፍሎ ይለያል። ቀጥሎ ለያንዳንዱ ሥራ የውሳኔ ሰነድ ይጻፋል፤ በሰነዱም የሥራው ዓላማ፣ ዓላማው የሚፈጸምባቸው ሌሎች መንገዶች፣ በዝቅተኛ፣ በአሁኑና በከፍተኛ ደረጃ ቢሠራ የሚያስወጣው ገንዘብ፣ ጨርሶ ቢቀርም የሚደርሰው ጉዳት ይዘረዘራል። በመጨረሻ ሰነዶቹ ሁሉ እንደ ጥቅማቸው በቅደም ተከተል ተደርድረው፣ ያለው ገንዘብ እስከሚያልቅ ድረስ ከላይ ጀምሮ ይፈቀድላቸዋል።

ወደ ዳቦ ቤቱ መኪና እንመለስ። ዓላማው ዳቦን ሩቅ ወዳሉ ሱቆች ማድረስ ነው። ሦስት መንገዶች አሉ እንበል።

ሀ) መኪናውን እንደ ነበረ መቀጠል፤ ከ10,000ው ዳቦ የሚቀረው 20,000 ብር፣ ኪራዩ 30,000 ብር ስለ ሆነ 10,000 ብር ኪሣራ ነው።

ለ) ማድረሱን ጨርሶ መተው፤ ኪሣራም ትርፍም የለም፤ ሩቆቹ ደንበኞች ግን ይታጣሉ።

ሐ) ለአንድ ዳቦ በ1 ብር ሒሳብ በየጉዞው ባጃጅ መከራየት፤ 20,000 ብር ሲቀር 10,000 ብር ለማድረሻ ተከፍሎ 10,000 ብር ትርፍ ይገኛል።

ሦስተኛው መንገድ ከአሁኑ ሁኔታ ጋራ ሲነጻጸር በወር 20,000 ብር ይሻላል። ልብ ሊባል የሚገባው ነገር፣ ይህ ውሳኔ ቋሚ የነበረውን ወጪ ወደ ተለዋዋጭ መለወጡ ነው። ከእንግዲህ በተጣጣፊው በጀት ደንብ ውስጥ ቋሚው 150,000 ብር ይሆናል፤ ወደ ሩቅ ለሚላከውም ለእያንዳንዱ ዳቦ 1 ብር ይጨመራል። ሁለቱ ዘዴዎች እንዴት እንደሚረዳዱ ከዚህ ይታያል፤ አንዱ የወሰነውን ሌላው በየወሩ ይጠብቃል።

4. በሥራ ላይ የታየው ውጤት

ሁሉንም ከመሠረቱ የመጠየቅ ሙከራ በአሜሪካ የእርሻ ሚኒስቴር በ1962 ዓ.ም. ተደርጎ ነበር። አሮን ዊልዳቭስኪና አርተር ሃሞንድ የተባሉ ሊቃውንት ሙከራውን መርምረው፣ የባከነው ጊዜና ድካም ብዙ፣ በበጀቱ ላይ የታየው ለውጥ ግን እጅግ ጥቂት መሆኑን ገልጸዋል። ብዙዎቹ ሥራዎች በሕግ የታዘዙ ስለ ነበሩ «ይህ ሥራ ይቅርን?» ብሎ መጠየቁ ከወረቀት አላለፈም።

ዛሬ የምናውቀውን ሥርዓት ያዘጋጀው የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ኩባንያ ባልደረባ ፒተር ፒር ነው። በ1969 ዓ.ም. ለ1970 በጀት በኩባንያው ውስጥ ተሠራበት፤ ፒርም ስለዚሁ በ1970 ዓ.ም. በሃርቫርድ የንግድ መጽሔት ጻፈ። ለያዝነው አሳብ ዋና ማስረጃ የሚሆነው፣ ዘዴው በመጀመሪያ የተሠራበት በአስተዳደርና በምርምር ክፍሎች መሆኑ ነው። ለአንድ ዕቃ የሚገባው ብረትና ጉልበት በመለኪያ የሚታወቅበትን የፋብሪካ ወጪ ፒር ራሱ ለዘዴው የሚመች አላደረገውም።

ጽሑፉን ያነበበው የጆርጂያ ክፍለ ሀገር ገዥ ጂሚ ካርተር ለ1973 የበጀት ዓመት በክፍለ ሀገሩ ሥራ ላይ አዋለው። በዚያም ወደ 10,000 የሚጠጉ የውሳኔ ሰነዶች ተዘጋጁ። አንድ ባለሥልጣን ለአንዱ ሰነድ 5 ደቂቃ ብቻ ቢሰጥ 50,000 ደቂቃ፣ ማለት 833 ሰዓት ያስፈልገዋል፤ በሳምንት 40 ሰዓት ሌላ ሥራ ሳይሠራ ቢያነብ እንኳ ከ20 ሳምንት በላይ ይፈጅበታል። የሃርቫርዱ የሒሳብ ሊቅ ሮበርት አንቶኒ በ1977 ዓ.ም. ዘዴውን በብርቱ የነቀፈው ይህን በመሰለ ምክንያት ነው። ካርተር በዚያው ዓመት ፕሬዚዳንት ሲሆን ዘዴው በመላው የፌዴራል መንግሥት እንዲሠራበት አዘዘ፤ የመጀመሪያውም የ1979 በጀት ነበር። በ1981 ዓ.ም. በፕሬዚዳንት ሬገን ዘመን ተሻረ።

የወረቀቱ ብዛት አንዱ ችግር ሲሆን ሌላው የሰው ጠባይ ነው። ዝቅተኛ ደረጃ ምን ያህል እንደ ሆነ በእውነት መርምሮ ማቅረብ አስቸጋሪ ስለ ሆነ፣ ኃላፊዎች ካለፈው ዓመት ጥቂት በመቶ ቀንሰው «ዝቅተኛው ይህ ነው» ማለት ይቀናቸዋል፤ በዚህም የተባረረው ያለፈው ዓመት በጓሮ በር ይመለሳል። ብልጥ የሆነ ኃላፊ ደግሞ ሕዝብ የሚወደውን ሥራ ከተራው መጨረሻ ያስቀምጠዋል፤ አለቃው እርሱን ለማዳን ሲል ከላይ ያለውን ሁሉ እንደሚፈቅድ ያውቃልና።

በንግዱም ዓለም ዘዴው ወደ ኋላ ታድሷል። ሃይንዝ የተባለውን የምግብ ኩባንያ 3ጂ ካፒታል ከባልደረባው ጋራ በ2013 ዓ.ም. ከገዛ በኋላ፣ በ2015 ዓ.ም. ከክራፍት ጋራ በተዋሐደው በክራፍት ሃይንዝ ውስጥ ከዜሮ የሚነሣ በጀት በጥብቅ ተሠራበት። ወጪው በፍጥነት ቀነሰ። በየካቲት 2019 ዓ.ም. ግን ኩባንያው የንግድ ምልክቶቹንና የመልካም ስሙን የመዝገብ ዋጋ በ15.4 ቢሊዮን ዶላር ዝቅ ማድረጉን አስታወቀ። የሸማቾችም ምርጫ ተለውጦ ስለ ነበር ጥፋቱን በሙሉ በበጀቱ አሠራር ላይ መጣል አይገባም። ሆኖም የዛሬውን ወጪ መቀነስ በቶሎ ሲታይ፣ የነገውን ገቢ መጉዳት ግን ዘግይቶ እንደሚታይ ያስተምራል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው ነው።

5. ሁለቱን ስለ ማጣመር

ከላይ ከተነገረው አንድ መለያ ደንብ ይገኛል። በገባው ገንዘብና በወጣው ሥራ መካከል የሚለካ ግንኙነት ያለ እንደ ሆነ፣ ተጣጣፊ በጀት ይበቃል፤ ለምሳሌ የዱቄት፣ የነዳጅ፣ የጋጋሪ ክፍያ። እንዲህ ያለ ግንኙነት የሌለ እንደ ሆነና ወጪው በሹማምንት ፈቃድ ብቻ የተወሰነ ሲሆን፣ ለምሳሌ የማስታወቂያ፣ የሥልጠና፣ የተሽከርካሪና የቢሮ አገልግሎት፣ ከዜሮ መነሣት ይገባል። በሕግ ወይም በውል የተወሰነውን እንደ ዕዳና እንደ ጡረታ ያለውን ከዜሮ መጠየቅ ድካም ብቻ ነው።

ከዜሮ የሚነሣውንም በየዓመቱ በሁሉም ላይ ማድረግ አያስፈልግም። ሥራዎቹ በአምስት ተከፍለው በየዓመቱ አንዱ አምስተኛ ብቻ ቢመረመር፣ የጆርጂያው 10,000 ሰነድ 2,000 ይሆናል፤ 833 ሰዓቱም ወደ 167 ሰዓት ይወርዳል። በዚህ ዓይነት ማንም ክፍል ከአምስት ዓመት በላይ ሳይጠየቅ አይቀርም፤ ሠራተኞችም በየዓመቱ ለእንጀራቸው ጥብቅና መቆም አይገባቸውም። በቀሩት አራት ዓመታት ወጪው በተጣጣፊ በጀት ይጠበቃል።

በመንግሥት መሥሪያ ቤት ይህ ሲደረግ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በሕግ የተፈቀደ በጀት የወጪ ጣሪያ ስለ ሆነ፣ ሥራው ስለ በዛ ብቻ ራሱ አይሰፋም። ነገር ግን ተጣጣፊው ስሌት በውስጥ መመዘኛነት ሊያገለግል ይችላል፤ ሁለት ጤና ጣቢያዎች እኩል ገንዘብ ተመድቦላቸው አንዱ በእጥፍ ሕመምተኛ ቢቀበል፣ ጣሪያውን ባይለውጠውም በኃላፊው ላይ የሚሰጠውን ፍርድ ይለውጠዋል። ይህም ቢሆን የሕመሙ ክብደት ይለያያልና በቍጥር ብቻ መመዘን እንደማይበቃ ማስታወስ ይገባል።

ማጠቃለያ

ተጣጣፊ በጀት ለሠራተኛው ፍትሕ ይሰጣል፤ ባልሠራው አይወቅሰውም፣ ባልቆጠበውም አያመሰግነውም። ከዜሮ የሚነሣ በጀት ደግሞ ገንዘቡን ለሰጠው፣ ማለት ለባለሀብቱ ወይም ለግብር ከፋዩ ፍትሕ ይሰጣል፤ ትናንት ወጥቷልና ዛሬም ይውጣ አይልም። ተጣጣፊው ብቻውን ቢሆን የማያስፈልግ ሥራ በትክክለኛ ወጪ እየተሠራ ይኖራል። ከዜሮ የሚነሣው ብቻውን ቢሆን የሚያስፈልግ ሥራ በፍርሃትና በወረቀት ብዛት ይታፈናል። ስለዚህ ነገ በየመሥሪያ ቤቱ የሒሳብ መዝገብ የምንረከብ ተማሪዎች፣ «ልዩነት የለም» የሚል መስመር ባየን ጊዜ ሥራችን አበቃ ሳንል፣ «ይህ ወጪ ከጅምሩ ስለ ምን ኖረ?» ብለን መጠየቅ ይገባናል። «ከበጀት በላይ ወጣ» የሚል መስመርም ባየን ጊዜ፣ ሰውየውን ከመውቀሳችን በፊት ምን ያህል ሥራ እንደ ሠራ መቍጠር ይኖርብናል።